«ካፌታኒክ አሲድ» የሚለውን አሮጌ ስም ወደ ዛሬው ኬሚስትሪ እንዴት እንመልሰው? ዝርዝር መመሪያ

ስለ ቡና የተጻፉ የቆዩ የፋርማሲና የምግብ ኬሚስትሪ መጻሕፍትን ለሥራ ወይም ለትምህርት የሚያገላብጥ ሰው «ካፌታኒክ አሲድ» ወይም «ካፌኦታኒክ አሲድ» ከሚል ስም ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ስሙ በጥሬ ቡና ፍሬ፣ በቡና ቅጠልና በደቡብ አሜሪካው የማቴ ቅጠል ውስጥ ይገኛል ለተባለ የእጽዋት አሲድ የተሰጠ ነበር። በዛሬው የኬሚካሎች ዝርዝር ውስጥ ይህን ስም ይዞ ራሱን የቻለ ውህድ አይገኝም፤ መዝገበ ቃላትም ብንገልጥ ብዙውን ጊዜ «ክሎሮጀኒክ አሲድን ይመልከቱ» ብሎ ያሰናብተናል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ተርጓሚው ወይም ተማሪው አሮጌውን ስም ሰርዞ በቦታው አዲሱን ይጽፋል፤ ዓረፍተ ነገሩ ያማረ ይመስላል፣ አጠገቡ ያለው ቁጥር ግን ስሕተት ይሆናል። አሮጌው ስም የተሰጠው በዘመኑ ኬሚስት ብልቃጥ ውስጥ ለነበረው ነገር ሲሆን፣ በብልቃጡ ውስጥ የነበረው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ንጹሕ ውህድ አልነበረም። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት እርምጃዎች የሚመሩት በአንድ ጥያቄ ነው፦ ይህን ስም የጻፈው ሰው በእጁ የያዘው ምን ነበር?

ለሥራው የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ስሙ ያለበት ገጽ፣ የመጽሐፉ የርዕስ ገጽ፣ የአቶሚክ ክብደት ያለበት የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥና ሒሳብ ማስያ ይበቃሉ። ጥሬ ቡናና ቤኪንግ ሶዳ ያለው ሰው በመጨረሻ አካባቢ ያለውን ሙከራም መሥራት ይችላል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ እርምጃ፦ ስሙን እንዳለ መገልበጥ

ስሙን ሳያርሙና ሳያሳምሩ፣ መጽሐፉ በጻፈበት ፊደል ይገልብጡ። ከጎኑ መጽሐፉ የተጻፈበትን ቋንቋ፣ የታተመበትን ዓመትና ስንተኛ እትም እንደሆነ ያስፍሩ። እትሙን መመዝገብ ትርፍ ሥራ አይደለም፤ በ1910 የታተመ የፋርማሲ መጽሐፍ ስለ ቡና የሚያወራው ክፍል ከ30 ዓመት በፊት ከወጣው ከመጀመሪያው እትም ሳይነካ የተሻገረ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ለስሙ ትርጉም የሚሰጠው ዓመት የመጀመሪያው ነው።

እንግሊዝኛው አንድ ጊዜ «ካፌታኒክ»፣ ሌላ ጊዜ «ካፌኦታኒክ» ይላል፤ ጀርመንኛው «ካፌገርብዞይረ»፣ ቃል በቃል «የቡና ቆዳ ማልፊያ አሲድ» ይለዋል። ሦስቱም የሚያመለክቱት አንድ ነገር ነው። በግዕዝ ፊደል ስንጽፈው ግን ሌላ አደጋ ይመጣል፤ «ካፌይክ አሲድ» እና «ካፌይን» በአማርኛ የሚለያዩት በመጨረሻው ፊደል ብቻ ስለሆነ፣ በችኮላ የሚጻፍ ማስታወሻ ሁለቱን በቀላሉ ያምታታል። ካፌይን ንቃት የሚሰጠው፣ በሞለኪውሉ ውስጥ 4 የናይትሮጅን አቶሞች ያሉት ውህድ ነው፤ ካፌይክ አሲድ ናይትሮጅን የሚባል የለውም፣ ከቡና በቀር በሌሎች ብዙ ተክሎችም ይገኛል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አንድ አጻጻፍ መርጦ እስከ መጨረሻው በዚያው መጽናት ያስፈልጋል።

ሁለተኛ እርምጃ፦ ስሙን ከፋፍሎ ማንበብ

አሮጌ የኬሚካል ስሞች ብዙውን ጊዜ የሚነግሩን አሲዱ ከየት እንደተወሰደና ምን ይመስል እንደነበረ ነው። «ካፌ» ምንጩን ይናገራል። «ታኒክ» ደግሞ ጠባዩን ለመናገር የተጨመረ ነው፤ የቡናው አሲድ እንደ ታኒን አፍ ይይዛል፣ ከብረት ጨው ጋርም አረንጓዴ ይሆናል ወይም ይጠቁራል የሚል ግምት ነበረና ከቆዳ ማልፊያዎቹ ወገን ተቆጠረ።

ይህ ግምት በከፊል ብቻ ትክክል ነበር። የቡናው አሲድ ፌሪክ ክሎራይድ ከሚባለው የብረት ጨው ጋር ቀለም ያወጣል፤ በአብዛኛው አረንጓዴ ነው። እውነተኛ ታኒን ግን ከጄላቲን ጋር ተያይዞ ይዘቅጣል፤ ቆዳን የሚያለፋውም ይኸው ከፕሮቲን ጋር የመያያዝ ኃይሉ ነው። ጠቆር ያለ ሻይ ላይ በውኃ የሟሟ ጄላቲን ጠብ ሲደረግ ይደፈርሳል፤ የጠራ የቡና አሲድ ግን ጄላቲንን አያዘቅጥም። በዚህ መሠረት «ታኒክ» የሚለው ቅጥያ ወደ ዛሬው ቋንቋ ሲመለስ መቅረት ያለበት ክፍል ነው። «ቡና ታኒን አለው» የሚለው፣ አሁንም ድረስ በየቦታው የሚደጋገመው አባባል፣ ከዚህ አሮጌ ስም ብዙ ተበድሯል ብዬ አምናለሁ።

ስም የመከፋፈሉ ሥራ ለሌሎችም ይጠቅማል። «ስፒሪክ አሲድ» የሚለውን ብንወስድ፣ በ1835 ሎቪግ የተባለው ኬሚስት በአውሮፓ ረግረጋማ ሜዳ ላይ ከሚበቅል፣ ያን ጊዜ «ስፒሬያ» ከሚባል ወገን ይቆጠር ከነበረ አበባ በተገኘ ዘይት ተነሥቶ ለደረሰበት አሲድ የሰጠው ስም ነው። ፒሪያ የተባለው ጣሊያናዊ ደግሞ በ1838 ከአኻያ ወገን ቅርፊት ከሚገኘው ሳሊሲን ሳሊሲሊክ አሲድን አገኘ፤ ሁለቱ አንድ ሆነው ተገኙ፣ ስፒሪክ የሚለውም ስም ሞተ። ሥሩ ብቻ በ1899 ለገበያ በወጣው «አስፒሪን» መካከል ተቀምጦ ቀረ። አበባውም ቢሆን ዛሬ ከስፒሬያ ወገን ወጥቶ «ፊሊፔንዱላ» ተብሏል፤ አሲዱም ተክሉም ስማቸውን ቀይረዋል ማለት ነው።

ሦስተኛ እርምጃ፦ መጽሐፉን በዘመን መስመር ላይ ማስቀመጥ

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ እርምጃ ነው፤ ያው አንድ ስም በ1850፣ በ1880 እና በ1920 የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላልና።

በ1837 ሮቢኬ እና ቡትሮን የተባሉ ፈረንሳውያን ከቡና ክሪስታል የሚሠራ አሲድ ማግኘታቸውን ገለጡ። በ1846 ሌላው ፈረንሳዊ አንሴልም ፓየን፣ ሴሉሎስን ለይቶ ስም ያወጣለት ያው ሰው፣ ከጥሬ ቡና ካፌይንን፣ ፖታሲየምንና አንድ አሲድን በአንድነት የያዘ ጨው በክሪስታል መልክ አወጣ፤ አሲዱንም «ክሎሮጀኒክ» አለው። በዚያው በ1840ዎቹ ጀርመንኛ ተናጋሪው ሮህሌደር ስለ ቡናው አሲድ የሚጽፈው «የቡና ማልፊያ አሲድ» በሚለው ስም ነበር። ከዚህ በኋላ ከ60 ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ሄዱ። ዛሬ «አሮጌ» እና «አዲስ» የምንላቸው ስሞች በእድሜ እኩዮች መሆናቸው ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር ነው።

በ1867 ህላዚቬትስ ካፌታኒክ አሲድን ከጠንካራ አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ ከሆነ ነገር) ጋር አፍልቶ ካፌይክ አሲድን አወጣ። ይህ ግማሹን በትክክል መያዝ ነበር። ሌላውን ግማሽ ግን ስኳር አድርጎ ቆጠረው። ከእርሱ በኋላ የታተሙ ብዙ መዝገቦች ካፌታኒክ አሲድን በስኳር የታሰረ ውህድ ብለው የሚገልጹት፣ ቀመሩንም 15 ካርቦን፣ 18 ሃይድሮጅን፣ 8 ኦክስጅን ብለው የሚጽፉት ከዚህ የተነሣ ነው። ይህን ቀመር በመጽሐፍዎ ካገኙ የመጽሐፉ ሐሳብ ከ1867 በኋላ እንደሆነ እርግጠኛ መሆን ይችላሉ፤ የርዕስ ገጹ የጠፋበትን ቅጂ ለመገመትም ይረዳል።

በ1908 ጎርተር የፓየንን ጨው እንደገና ሠርቶ አሲዱን አጠራው፣ ሲሰነጠቅም ካፌይክ አሲድና ኩዊኒክ አሲድ እንደሚሰጥ አሳየ። ስኳር የተባለው ኩዊኒክ አሲድ ኖሯል። እስከዚያ ድረስ ካፌታኒክ አሲድ ተብሎ ሲመዘን የኖረው ነገር አንድ ውህድ ሳይሆን ክሎሮጀኒክ አሲድ የሚገኝበት ድብልቅ መሆኑንም አስረዳ። በ1920 ካርል ፍሮይደንበርግ ሁለቱ ክፍሎች እኩል ለእኩል እንደሚወጡ በኤንዛይም አረጋገጠ። በ1932 ሄርማን ፊሸር እና ጌርዳ ዳንግሻት ካፌይክ አሲዱ በኩዊኒክ አሲዱ በየትኛው ካርቦን ላይ እንደተያያዘ ለዩ፤ ይህ ፊሸር የካፌይንን አሠራር የገለጠውና በ1902 የኖቤል ሽልማት ያገኘው የኤሚል ፊሸር ልጅ ነው፤ አባት የቡናን ካፌይን፣ ልጅ የቡናን አሲድ ተካፍለዋል ለማለት ያስደፍራል።

እንግዲህ መጽሐፍዎን ከእነዚህ ዓመታት መካከል ያስቀምጡት። ከ1908 በፊት ከሆነ «ካፌታኒክ» ድብልቅ ነው ብለው ይጀምሩ። ከ1908 በኋላ ሆኖ አሁንም አሮጌውን ስም የሚጠቀም ከሆነ፣ ወይ ከቀድሞ መጽሐፍ የገለበጠ ነው፣ ወይ ስሙን ለንጹሑ ክሎሮጀኒክ አሲድ በልማድ ይጠቀምበታል። የቱ እንደሆነ የሚለየው ቀጣዩ እርምጃ ነው።

አራተኛ እርምጃ፦ አሲዱ እንዴት እንደወጣና እንደተመዘነ መፈለግ

በገጹ ላይ፣ ከሌለም በመጽሐፉ መቅድም ወይም በሰንጠረዡ ግርጌ፣ አሲዱ በምን ዘዴ እንደወጣ ይፈልጉ። የቀድሞዎቹ ኬሚስቶች የተለመደ መንገድ የቡናውን ውኃ ከእርሳስ አሲቴት ጋር አዋሕዶ የሚዘቅጠውን ማጣራትና መመዘን ነበር። እርሳስ ግን መራጭ አይደለም፤ ክሎሮጀኒክ አሲድን ብቻ ሳይሆን ዘመዶቹን፣ እንደ ሲትሪክና ማሊክ ያሉ አሲዶችን ሁሉ ጠራርጎ ያወርዳል። በዚህ መንገድ የተገኘ ቁጥር ሁልጊዜ ወደ ላይ ያደላል። ይህን ዘዴ ለማየት ያህል እንኳ በቤት መሞከር አይገባም፤ የእርሳስ ጨው መርዝ ነው።

ሁለተኛው የሚፈለገው ነገር ቡናው ጥሬ ነበር ወይስ የተቆላ የሚለው ነው። ክሎሮጀኒክ አሲድ በመቁላት ይፈርሳል፤ ቡናው በጠቆረ መጠን የሚተርፈው ያንሳል፣ ከፈረሰውም ከፊሉ ላክቶን ወደሚባሉ ውህዶች፣ ከፊሉ ወደ ኩዊኒክ አሲድ ይሄዳል፤ እነዚህም ለምሬቱ የበኩላቸውን ያዋጣሉ። ምጣድ ላይ ቆሎ እስኪመስል ድረስ የተቆላና ጠቁሮ ቅባት ያወጣ ቡና ከአንድ ዛፍ ቢለቀሙም በዚህ ረገድ የሚወዳደሩ አይደሉም። ሦስተኛው የቡናው ዓይነት ነው። የእኛ አረቢካ ሲደርቅ ከክብደቱ በግምት ከ4 እስከ 8 በመቶ የሚሆን የክሎሮጀኒክ ቤተሰብ አሲድ አለው፤ ሮቡስታ ከዚያ ይበልጣል።

«የክሎሮጀኒክ ቤተሰብ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። በዘመናዊ ጽሑፍም ቢሆን «ክሎሮጀኒክ አሲድ» ሲባል አንዱን ውህድ ማለት ነው፤ «ክሎሮጀኒክ አሲዶች» ተብሎ በብዙ ቁጥር ሲጻፍ ደግሞ መላውን ወገን ማለት ነው። እንግሊዝኛው በአንዲት ፊደል የሚለየውን ይህን ልዩነት አማርኛው «ኦች» ካላለ ይውጠዋል። የአሮጌው ካፌታኒክ የቅርብ አቻ የሚሆነው በብዙ ቁጥር የተጻፈው ነው፤ እርሱም ቢሆን ከእርሳሱ ዝቃጭ ጋር ልክ ለልክ አይገጥምም።

አምስተኛ እርምጃ፦ ቀመሩን በሒሳብ መፈተሽ

መጽሐፉ ቀመር ወይም የካርቦንና የሃይድሮጅን መቶኛ ከሰጠ፣ ብልቃጡ ውስጥ የነበረውን ለመገመት ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም። በመጀመሪያ የዛሬውን ውህድ ያሰሉ። ክሎሮጀኒክ አሲድ 16 ካርቦን፣ 18 ሃይድሮጅንና 9 ኦክስጅን አለው። የካፌይክ አሲድ ሞለኪውላዊ ክብደት 180.16፣ የኩዊኒክ አሲድ 192.17 ነው፤ ሁለቱ ሲያያዙ አንድ ውኃ፣ ማለትም 18.02፣ ይወጣል። 180.16 ሲደመር 192.17 ሲቀነስ 18.02፣ 354.31 ይሆናል።

ካርቦኑ 16 ጊዜ 12.011፣ ይህም 192.18 ነው፤ ለ354.31 ሲካፈል 54.2 በመቶ ይሰጣል። ሃይድሮጅኑ 18 ጊዜ 1.008፣ ማለትም 18.14፣ 5.1 በመቶ ነው። አሁን ያንን የ1867ቱን ቀመር፣ 15፣ 18 እና 8፣ በተመሳሳይ መንገድ ያስሉ፤ ካርቦን 55.2፣ ሃይድሮጅን 5.6 በመቶ ይመጣል። ልዩነቱ በካርቦን አንድ በመቶ፣ በሃይድሮጅን ግማሽ በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሙሉ በሙሉ ባልጠራ ናሙና ላይ ይህን ያህል መሳት ቀላል ስለነበር፣ በስሌቱ የተሳሳተው ቀመር ለ40 ዓመታት ያህል ሳይነቃበት መኖሩ አያስገርምም።

ይህ ስሌት ሌላም ነገር ያሳያል። መጽሐፉ ስለ እውነተኛ ታኒን እየተናገረ እንደሆነ ከጠረጠሩ ካርቦኑን ትተው ሃይድሮጅኑን ይዩ። ታኒክ አሲድ በተለመደው ቀመሩ 76 ካርቦን፣ 52 ሃይድሮጅንና 46 ኦክስጅን አለው፤ ካርቦኑ 53.7 በመቶ ስለሆነ ከክሎሮጀኒክ ጋር ሊምታታ ይችላል፣ ሃይድሮጅኑ ግን 3.1 በመቶ ብቻ ነው። ከ5 በላይ የሆነ ሃይድሮጅን ካገኙ ታኒክ አሲድን ከሐሳብዎ ያውጡት።

ስድስተኛ እርምጃ፦ የቁጥሩን ወጥመድ ማለፍ

አሮጌውን ስም አልፈን ክሎሮጀኒክ አሲድ ላይ ስንደርስ ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ ከዚህ በላይ አሳሳቹ ነገር ግን ገና አልመጣም። ፊሸርና ዳንግሻት በ1932 ካፌይክ አሲዱ በኩዊኒክ አሲዱ 3ኛ ካርቦን ላይ እንደተያያዘ ጻፉ፤ ለብዙ ዓመታትም ክሎሮጀኒክ አሲድ «3-ካፌኦይልኩዊኒክ አሲድ» ሲባል ኖረ። በ1976 ዓለም አቀፉ የንጹሕና ተግባራዊ ኬሚስትሪ ኅብረት የቀለበቱን ካርቦኖች የመቁጠሪያ ደንብ ለወጠ፤ ሞለኪውሉ ምንም ሳይነካ ያው አሲድ «5-ካፌኦይልኩዊኒክ አሲድ» ሆነ። ይባስ ብሎ አይሶመሩ (አቶሞቹ አንድ ሆነው አያያዛቸው ብቻ የሚለየው ዘመዱ) የሆነው ኒዮክሎሮጀኒክ አሲድ በተቃራኒው ከ5 ወደ 3 ተዛወረ። ሁለቱ ቦታ ተለዋወጡ ማለት ነው። መካከል ላይ ያለው፣ ክሪፕቶክሎሮጀኒክ የተባለው፣ በ4 ቁጥሩ ረግቶ ቀረ።

ይህን በገንዘብ ተምሬዋለሁ። ከአንድ የቆየ ጽሑፍ ላይ «3-ካፌኦይልኩዊኒክ» የሚለውን ገልብጬ ለመለኪያ የሚሆን ንጹሕ ናሙና አዘዝኩ፤ የመጣልኝ ጥቂት ሚሊግራም የያዘች ትንሽ ጠርሙስ ነበረች፣ ልክ እንዳዘዝኩት «3» የሚል ተጽፎባታል። ከቡናው ናሙና ጋር ውህዶችን እየለያየ በሚለካው መሣሪያ ላይ ሳነጻጽረው በመሣሪያው ሥዕል ላይ ትልቁ የቡና ጫፍ በአንድ ጊዜ፣ የእኔ መለኪያ በሌላ ጊዜ ይወጣሉ። ሁለት ቀን መሣሪያውን ስጠረጥር ከቆየሁ በኋላ ነው ጠርሙሷን እንደገና አንሥቼ በቁጥሩ ሥር በደቃቅ ፊደል «ኒዮክሎሮጀኒክ» የሚለውን ያነበብኩት። አቅራቢው ትክክል ነበር፤ በ1976 የተለወጠውን ደንብ ያላወቅሁት እኔ ነኝ።

ደንቡ ከወጣ በኋላም ሁሉም ሰው ወዲያው አልተከተለውም፤ የድሮውን ቁጥር ይዘው የቀጠሉ ጽሑፎች ብዙ ናቸው። ስለዚህ የታተመበት ዓመት ብቻውን አያስተማምንም። ጽሑፉ በቡና ውስጥ እጅግ የሚበዛው የትኛው ነው እንደሚል ይመልከቱ። «በቡና የሚበዛው 3 ነው» ካለ አሮጌውን አቆጣጠር፣ «5 ነው» ካለ አዲሱን ይዟል።

«አይሶክሎሮጀኒክ አሲድ» የሚል ስም ከገጠመዎትም ይጠንቀቁ። በ1950 እንደ አንድ ውህድ ተሰይሞ ነበር፤ በኋላ ግን ሁለት ካፌይክ አሲድ የተሸከሙ የበርካታ አይሶመሮች ድብልቅ ሆኖ ተገኝቷል። የካፌታኒክ ታሪክ በአነስተኛ መጠን ተደገመ ማለት ይቻላል።

ሰባተኛ እርምጃ፦ በመዝገብ ቁጥር ማሰር

ስሞች እንዲህ የሚገለባበጡ ከሆነ የማይገለባበጥ ነገር ያስፈልጋል፤ እርሱም የካስ ቁጥር የሚባለው የኬሚካሎች መዝገብ ቁጥር ነው። የክሎሮጀኒክ አሲድ 327-97-9፣ የኒዮክሎሮጀኒክ 906-33-2፣ የክሪፕቶክሎሮጀኒክ 905-99-7 ነው። በማስታወሻዎ ላይ ከስሙ አጠገብ ይህን ያስፍሩ፤ ዕቃ ሲያዝዙም ከስሙ በፊት ቁጥሩን ያስቀድሙ።

ቁጥሩን በትክክል መገልበጥዎን በራሱ በቁጥሩ መፈተሽ ይቻላል። የመጨረሻው አኃዝ መቆጣጠሪያ ነው። ከእርሱ በስተግራ ያሉትን አኃዞች ከቀኝ ወደ ግራ በ1፣ በ2፣ በ3 እያሉ ያባዙና ይደምሩ። ለ327-97-9፦ 7 ጊዜ 1 ሰባት፣ 9 ጊዜ 2 አሥራ ስምንት፣ 7 ጊዜ 3 ሃያ አንድ፣ 2 ጊዜ 4 ስምንት፣ 3 ጊዜ 5 አሥራ አምስት፤ ድምሩ 69 ነው። የ69 የመጨረሻ አኃዝ 9 ነውና ቁጥሩ ልክ ነው። አንድ አኃዝ ቢሳሳቱ ወይም ጎረቤታሞቹን ቢያለዋውጡ ብዙውን ጊዜ ሒሳቡ አይገጥምም።

ስምንተኛ እርምጃ፦ ስሙ የመጣበትን አረንጓዴ በዓይን ማየት

ይህ እርምጃ ግዴታ አይደለም፤ «ክሎሮጀኒክ» የሚለውን ስም ግን ያስታርቃል። ብዙ ተማሪ ስሙን ሲሰማ ክሎሪን ይታየዋል። አሲዱ ክሎሪን የለውም። «ክሎሮ» በግሪክ ቋንቋ አረንጓዴነትን የሚያመለክት ሥር ነው፤ የሚዛመደውም በቅጠል ውስጥ ካለው ክሎሮፊል ጋር ነው። አሲዱ በአልካሊ ውስጥ ለአየር ሲጋለጥ አረንጓዴ ስለሚሆን «አረንጓዴ የሚወልድ» ተባለ።

ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጥሬ ቡና ይውሰዱና ይውቀጡ። ጥሬ ቡና እንደ ተቆላ ቡና አይደቅም፣ ከሙቀጫው እየፈናጠረ ያስቸግራል፤ ሌሊቱን በጥቂት ውኃ ዘፍዝፎ ማደር ሥራውን ያቀልለዋል፣ የዘፈዘፉበትንም ውኃ አይድፉት። በአንድ ብርጭቆ ውኃ አሥር ደቂቃ ያህል ያፍሉት፣ ያጥልሉት፣ ሲቀዘቅዝም በሦስት ነጭ ብርጭቆዎች ያካፍሉት። የመጀመሪያውን እንዳለ ይተዉት። በሁለተኛው ላይ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይጨምሩና አፉን ክፍት ያድርጉት። በሦስተኛውም ሶዳ ይጨምሩ፣ ነገር ግን ወደ ትንሽ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልተው አየር እንዳይገባው ይክደኑት።

ሶዳው እንደገባ ፈሳሹ ቢጫነቱ ይደምቃል። ከዚያ መቆየት ነው። ክፍት የሆነው ከሰዓታት በኋላ አየር ከሚነካው ከላዩ ጀምሮ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፤ የተከደነው ወደኋላ ይቀራል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን መጻሕፍት አሞኒያ እየጨመሩ የገለጹትና ውጤቱን «ቪሪዲክ አሲድ» ያሉት ይህን የመሰለውን ለውጥ ነው፤ ይህም ሌላ የሞተ ስም ነው። ሙከራው ጠቋሚ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፣ ሌሎች የእጽዋት ፌኖሎችም በአልካሊ ቀለም ይለውጣሉና። በሱፍ አበባ ፍሬ ዱቄትና በቤኪንግ ሶዳ የተጋገረ ብስኩት ውስጡ አረንጓዴ ሆኖ ጋጋሪዋን የሚያስደነግጣት በዚሁ አሲድ ምክንያት ነው። የተቀቀለ ድንች ሲቀዘቅዝ አንዳንድ ቦታው ግራጫ የሚሆነውም ክሎሮጀኒክ አሲዱ ከድንቹ ብረት ጋር ተያይዞ ነው፤ መቀቀያው ላይ ትንሽ ሎሚ ከተጨመረ ሲትሪክ አሲዱ ብረቱን ስለሚይዝበት ጥቁረቱ ይቀንሳል።

ዘጠነኛ እርምጃ፦ በትርጉሙ ወይም በጥናቱ ላይ መጻፍ

በዋናው ጽሑፍ ውስጥ አሮጌውን ስም እንዳለ ይተዉት። ደራሲው ያላለውን አስብሎ፣ በ1880 የማይታወቅ ነገርን በ1880 መጽሐፍ አፍ ማስገባት አይገባም። የዛሬው ስም የሚገባው በግርጌ ማስታወሻ ነው፣ እርሱም ስሙ በመጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ አንድ ጊዜ ብቻ። አሮጌውን መቶኛ ከዛሬ ቡና መቶኛ ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ጎን ለጎን አያስቀምጡ፤ ግድ ከሆነ የመለኪያ ዘዴው የሚጻፍበት ሌላ ዓምድ ይጨምሩ። በመጽሐፉ ውስጥ «ኪኒክ አሲድ» የሚል ካገኙ ያለ ብዙ ጭንቀት ኩዊኒክ አሲድ ብለው ይመልሱት፤ ይህኛው ስም አጻጻፉ ብቻ ነው የተለወጠው። መነሻው ኪና የሚባለው የወባ መድኃኒት ቅርፊት ነው፤ እኛ ዛሬ ማንኛውንም እንክብል የምንጠራበት «ኪኒን» ከዚያው ቅርፊት የመጣ ቃል ነው።

መጽሐፉ ከ1908 በፊት የታተመ፣ የእርሳስ ዘዴን የሚጠቅስና ስለ ጥሬ ቡና የሚናገር ሆኖ ከተገኘ፣ የግርጌ ማስታወሻው ይህን ይመስላል፦

«ካፌታኒክ አሲድ፦ ከጥሬ ቡና ውኃ በእርሳስ ጨው ዘቅጦ ለሚገኘው አሲዳማ ክፍል በመጽሐፉ ዘመን የተሰጠ ስም። ድብልቅ ነው። ዋናው አካሉ ዛሬ ክሎሮጀኒክ አሲድ ይባላል፤ በአሁኑ አቆጣጠር 5-ካፌኦይልኩዊኒክ አሲድ፣ የካስ ቁጥር 327-97-9። በመጽሐፉ የተሰጠው መቶኛ ሌሎች የቡና አሲዶችንም ስለሚጨምር እንደ ክሎሮጀኒክ አሲድ መጠን አይነበብም።»

መጽሐፉ ከ1908 በኋላ ሆኖ አሲዱን ከፓየን ጨው ማጥራቱን የሚገልጽ ከሆነ ግን «ድብልቅ ነው» የሚለውና የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ይወጣሉ፤ የመጀመሪያውም ዓረፍተ ነገር «ለክሎሮጀኒክ አሲድ በልማድ የቆየ ስም» ተብሎ ያጥራል።